የቤርቤሪን ካፕሱል እና ከጠርሙሱ ጋር የመጣችው ወረቀት

ከአንዳንድ ተክሎች የሚገኘውን ቤርቤሪን የተባለ ንጥረ ነገር በ60 ካፕሱል የያዘውን ይህን ጠርሙስ ተጠቅሜ ጨርሻለሁ። ከጠርሙሱ ጋር የመጣች አንዲት እጥፍ ወረቀት ምርቱ የደም ስኳርን እንደሚቀንስ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት በሥዕል አስደግፋ ታቀርባለች፤ ከካፕሱሉ ይልቅ ብዙ የምለው ያለኝ ስለዚህች ወረቀት ነው።

ካፕሱሉ 500 ሚሊግራም ሲሆን በቀን 3 ጊዜ እንዲወሰድ ስለተጻፈ ጠርሙሱ በ20 ቀን ያልቃል። አንዱን ከፍቼ ዱቄቱን ብነካው ደማቅ ቢጫና እጅግ መራራ ሆኖ አገኘሁት፤ ጣቴ ላይ የቀረውም ቀለም በሳሙና ቶሎ አልለቀቀም። ቤርቤሪን ያላቸው ተክሎች ከጥንት ጀምሮ ለማቅለሚያ ያገለገሉ ናቸውና ይህ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ቀለምና ምሬት መጠንን አይመሰክሩም፤ 500 የተባለው በእርግጥ 500 መሆኑን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት አላገኘሁም።

ወረቀቷ ስለ አይጦቹ የጻፈችው ሐሰት አይደለም። ቤርቤሪን የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች ላይ የደም ስኳርን ሲቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። የሕዋስን የኃይል ማመንጫ፣ ማለትም ሚቶኮንድሪያን፣ በመጠኑ ሲያዳክመው ኤኤምፒኬ የተባለው ኢንዛይም ይነቃቃል፤ በዚህም ጡንቻ ተጨማሪ ስኳር ከደም ይወስዳል፣ ጉበትም ስብ መሥራቱን ይቀንሳል። ሜትፎርሚን የተባለው የታወቀ የስኳር በሽታ መድኃኒትም የሚሠራው በተቀራራቢ መንገድ ነው። የሜትፎርሚን የዘር ሐረግ በግ የሚመርዝ ተክል ዘንድ እንደሚደርስ ለሚያውቅ ሰው፣ «ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው የወረቀቷ አባባል ፈገግ ያሰኛል።

ወረቀቷ የዘለለችው አይጦቹ እንዴት እንደታመሙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሙከራ የሚውሉት አይጦች አንዳንዶቹ ስትሬፕቶዞቶሲን በተባለ ኬሚካል ኢንሱሊን አመንጪ የቆሽት ሕዋሶቻቸው የወደሙባቸው፣ አንዳንዶቹ ስብ የበዛበት መኖ የተቀለቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ የጥጋብን መልእክት የሚቀበለው የሌፕቲን ተቀባይ ከተፈጥሯቸው የተበላሸባቸው ናቸው። ሦስቱ አንድ ዓይነት በሽታ የላቸውም፤ በሥዕሉ ላይ ቁልቁል የሚወርደው መስመር የየትኛው እንደሆነ ግን አልተገለጸም። ከሥዕሉ ሥር በደቃቅ ፊደል «በኪሎ ግራም 200 ሚሊግራም» ይላል። በተለመደው ስሌት መጠኑ ወደ ሰው ሲቀየር ለትልቁ የአይጥ ዝርያ በ6.2፣ ለትንሹ ዝርያ ደግሞ በ12.3 ይካፈላል። ስለዚህ 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው በመጀመሪያው ስሌት አራት ካፕሱል ተኩል ገደማ፣ በሁለተኛው ከሁለት ጥቂት የሚበልጥ ይደርሰዋል፤ የታዘዘው ሦስት ከሁለቱም ጋር አይገጥምም።

የሚያስገርመው፣ ለዚህ መጠን የሚቀርብ የተሻለ ማስረጃ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አነስተኛ ጥናት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው በቅርቡ የታወቀ 36 ሕሙማንን ይዞ፣ በቀን 3 ጊዜ 500 ሚሊግራም ቤርቤሪን ለ3 ወራት ሲወሰድ ከሜትፎርሚን ጋር የተቀራረበ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ጥቂት ሰዎችን የያዘ ቢሆንም ሰዎችን ነው የያዘው፤ ወረቀቷ ግን አይጦቹን መርጣለች።

የእኔ የጠዋት ስኳር በባዶ ሆድ ከ108 ወደ 101 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወርዷል። የቤት መለኪያዎች በዚህ ደረጃ እስከ 15 በመቶ እንዲሳሳቱ ስለሚፈቀድላቸው ይህን ለካፕሱሉ ውለታ አልቆጥረውም። በእርግጠኝነት የተሰማኝ የመጀመሪያው ሳምንት የሆድ ድርቀት ነው።

ይቅር የማልለው ግን የጥንቃቄ ማሳሰቢያ አለመኖሩን ነው። ቤርቤሪን ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰባብሩ የጉበት ኢንዛይሞችን ያግዳል፤ የአካል ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ከኢንሱሊን ጋር ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ሕፃንም አይመከርም። ስለዚህ ጉዳይና ስለ ላቦራቶሪው ውጤት ሻጩን በጽሑፍ ጠይቄ ነበር፤ መልስ ሆኖ የደረሰኝ የዚያችው ወረቀት ፎቶ ነው።