የታይሮይድ ምርመራ፦ ባህር ዳር የታየሁበት ክሊኒክ

ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢዬ ሆርሞን ስለሚያንሰው ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የሆርሞን ምትክ ኪኒን ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ ግን ድካሙም ብርዱም የፀጉሬ መርገፍም አልለቀቀኝም። እዛው የምታይበት ቦታ ቲኤስኤች (እጢውን ሥራ የሚያዘውን ሆርሞን) ብቻ አይተው "ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ደህና ነሽ" ብለው ይሸኙኛል፣ ሌላ ምርመራ ስጠይቅ "ኢንተርኔት ያነበብሽውን ተይ" ተባልኩ፣ በጣም ነው ያመመኝ።

ባህር ዳር ያለችው ዶክተር ውሃ አስጎንጭታኝ ስውጥ አንገቴን በጣቷ ዳሰሰች፣ ፍሪ ቲ ፎር (ደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን) እና አንቲ ቲፒኦ (በእጢው ላይ የሚነሳ ፀረ እንግዳ አካል) የሚባሉ የደም ምርመራዎች አዘዘችልኝ። አንቲ ቲፒኦው ከፍ ብሎ ወጣ፣ የራሴ ሰውነት እጢውን እያጠቃ ነው ማለት ነው። ከዛ "ኪኒኑን በምን ትወስጃለሽ?" አለችኝ። በጠዋት ቡና ነዋ፣ እኛ ቤት ቀኑ በቡና ነው የሚጀምር። ለካ ቡና መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሰራ ያደርጋል! በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ፣ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ፣ የአይረን ኪኒን ደግሞ 4 ሰዓት አራርቆ። ዓመት ሙሉ ይሄን የነገረኝ የለም።

ቲ ትሪ (ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን) ያለበት መድኃኒትስ ስላት አልተቆጣችም፣ የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል መጀመሪያ አወሳሰዱን አስተካክለን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተን እንለካ አለች። ውጤቱ ሁለት ቀን ማስጠበቁ ግን ይከብዳል፣ ከሩቅ ለሚመጣ አልጋ መያዝ ነው። ስትሄዱ ጥያቄያችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ ቁጭ ብላ ትሰማለች።