ሱፍ፣ ፓልም፣ ኑግ ወይስ ቅቤ? ለቦርጭም ለኪስም የሚሻለው

"የማያወፍረው ዘይት የቱ ነው?" ይህን ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። አንዱ ደውሎ ይጠይቃል፣ ሌላው ሱቅ ቆሞ የሁለት ጀሪካን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። መልሴ ሁሌም ያው ነው። የማያወፍር ዘይት የለም። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው፤ ከፓልም ይምጣ ከወይራ፣ ከኑግ ይምጣ ከላም፣ ያው 9 ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። 1 ሊትር ደግሞ 920 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከ8,000 ካሎሪ ያልፋል። አንድ ሰው በ4 ቀን ከሚበላው ምግብ ሁሉ ጋር ይስተካከላል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን እንከራከራለን? አንደኛ፣ ስቡ ሰውነት ከገባ በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ ይለያያል። ሁለተኛ፣ ዋጋው ይለያያል። የእኔን ምርጫ አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ ለየቀኑ ድስት የታሸገ የሱፍ ዘይት፣ ያውም በማንኪያ እየተለካ። ኑግ ጨማቂውን ካወቃችሁት ጥሩ ነው። ቅቤ ለመዓዛ ያህል። ፓልም ለመጥበሻ ካልሆነ ቤቴ አይገባም።

መጀመሪያ ስቡ የት እንደሚሄድ እንይ። የበላነው ቅባት አንጀት ላይ ተብላልቶ ወደ ደም ይገባል። ከእንጀራ ጋር ስለበላነው የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ኢንሱሊንም አብሮ ከፍ ይላል። ኢንሱሊን ከፍ ሲል የስብ ሕዋሶች የመጣውን ይቀበላሉ፤ ያከማቹትንም መልቀቅ ያቆማሉ። ሰውነት ደግሞ ቅባትን ለማስቀመጥ ብዙ አይደክምም። ከፕሮቲን የምናገኘው ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶው እዚያው በማብላላቱ ሥራ ያልቃል። ከቅባት ግን ቢበዛ 3 በመቶ ቢሆን ነው። ቀሪው ወይ ይቃጠላል ወይ ይከማቻል። የሚቃጠለው ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሕዋስ ምድጃዎች ውስጥ ነው። ምድጃ ደግሞ አጠገቡ እንጨት ስለተከመረ ብቻ አይነድም። ሥራ ሲኖር ነው የሚነደው፤ ስንራመድ፣ ስንሸከም፣ ደረጃ ስንወጣ።

ያልተቃጠለው የስብ ሕዋሶችን ያሳብጣል፤ እነሱ አልበቃ ሲሉ አዳዲስ ይፈጠራሉ። ስንከሳ ሕዋሶቹ ይሟሽሻሉ እንጂ ቁጥራቸው እምብዛም አይቀንስም። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ከአንድ አዋቂ ሰው የስብ ሕዋሶች 10 በመቶ ገደማው በየዓመቱ ይሞታል፤ ያንኑ ያህልም ይተካል። ሰውየው ከስቶ እንደገና መብላት ሲጀምር ማከማቻው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል።

አሁን ጀሪካን ወደሚያስመርጠው ጥናት እንምጣ። በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። 39 ቀጫጭን ወጣቶች ለ7 ሳምንት ከምግባቸው በተጨማሪ ማፊን ኬክ በየቀኑ በሉ። የአንዱ ቡድን ኬክ በፓልም ዘይት፣ የሌላው በሱፍ ዘይት የተጋገረ ነበር። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ሁለቱም ቡድኖች እኩል ወፈሩ፤ 1.6 ኪሎ። ነገር ግን ፓልም የበሉት ጉበታቸው ውስጥና ሆዳቸው ውስጥ የተከማቸው ስብ ከሌሎቹ በለጠ። ሱፍ የበሉት ደግሞ ጡንቻን ጨምሮ ስብ ያልሆነው አካላቸው በተሻለ ጨመረ። ኪሎ መለኪያ ላይ ብትወጡ ይህ አይታያችሁም።

ምክንያቱ ከስቡ ዓይነት ነው። ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት የሚረጋ ስብ ነው፤ ዋናው ፓልሚቲክ አሲድ ይባላል። ይህ ስብ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ሲበዛ ሰውነት ሴራማይድ የሚባሉ ቅባቶችን ይሠራበታል። እነሱ ደግሞ ሕዋሱ የኢንሱሊንን ትእዛዝ በቅጡ እንዳይሰማ ያደርጋሉ። ስኳር በሽታ የሚያንዣብበው እንዲህ ሲሆን ነው። ሱፍና ኑግ ግን አብዛኛው ስባቸው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የማይረጋ ስብ ነው፤ ብርድ ላይም አይረጋም።

"ይሁን፣ ግን ፓልም ርካሽ ነው" ትሉኛላችሁ። እዚህ ላይ ካልኩሌተር አውጡ። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ቢጨርስ፣ ለአንድ ሰው በቀን 345 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። ወደ 3 ሊትር ቢወርድ 207 ይሆናል። አሁን ፓልሙ በሊትር 240 ብር ነው እንበል፤ 5 ሊትሩ 1,200 ብር። ሱፉ በሊትር 400 ብር ቢገባ እንኳ 3 ሊትሩ ያው 1,200 ብር ነው። የሰፈራችሁን ዋጋ አስገቡበት። የሱፉ ዋጋ የፓልሙን አንድ ተኩል እጥፍ ከምናምን እስካላለፈ ድረስ፣ ድስቱ ላይ የቀነሳችሁት ልዩነቱን ይከፍላል። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሱፉን፣ የኢንዶኔዥያ የውጭ ንግድ እገዳ ደግሞ ፓልሙን ሰማይ ሲሰቅሉት ይህን ሂሳብ መሥራት የግድ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖብኛል።

"እንዴት ነው የምቀንሰው? ወጡ ወዘና ያጣል" የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ በተለይ ከእናቶች። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላሉት። ሲይዝ ጠብታ ውሃ እየጨመሩ ነው። በርበሬው ከመግባቱ በፊት ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ ቆጥራችሁ ጨምሩ። የድሮ ባለሙያ ሴቶች የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲያበስሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ዲየት ብሎ ያስተማራቸው ሰው የለም። ከጀሪካኑ አፍ በቀጥታ ወደ ድስት የሚንቆረቆር ዘይት ግን ማንም አይቆጣጠረውም። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ ከ1,600 ካሎሪ በላይ ነው። ጾም ላይ ወፈርኩ ብላችሁ የምትገረሙም መልሱ እዚያው ሽሮው ላይ ተንሳፏል።

አሁን ወደ ገበያው እንውረድ። ሱፍ ብለው ፓልም የሚሸጡ አሉ። ጀሪካኑ ላይ ቢጫ አበባ ተስሏል፤ ከኋላ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ብታነቡ ግን ፓልም ኦሌይን ይላል፣ ወይም "የአትክልት ዘይት" ብሎ ያልፈዋል። አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ያለውን በሱፍ ዋጋ ገዝታ መጣች። ሐምሌ ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኑ ታች ነጭ ነገር ረግቶ ተገኘ፤ ብታጋድለው ከሥሩ ንቅንቅ አይልም። ባለሱቁ "ብርድ ነው እቴ፣ ሁሉም እንዲህ ይሆናል" አላት። አይሆንም። በደንብ የተጣራ የሱፍ ዘይት በአዲስ አበባ ብርድ አይረጋም።

ስለዚህ ከአዲስ ጀሪካን ጥቂት በብርጭቆ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ። በደንብ የተጣራ ሱፍ ከሆነ ጠዋት ጥርት እንዳለ ታገኙታላችሁ። ከደፈረሰ በደንብ አልተጣራም ይሆናል፤ ከረጋ ግን ፓልም ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ይህ ሙከራ ለወይራ ዘይት አይሠራም፤ እውነተኛ ወይራም ፍሪጅ ውስጥ ይደፈርሳል። "ቅልቅል" ተብሎ የሚሸጠውን ደግሞ እኔ አልገዛም። ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ እንደሚባለው፣ ጥቂት ሱፍ ጠብ ብሎበት የፓልሙን ገበያ ያሞቃል።

ሚዛንም አትርሱ። 5 ሊትር የተባለው ዘይት ባዶ ጀሪካኑን ሳይጨምር 4.6 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። ፊት ለፊት ያለው ስጋ ቤት ሚዛን ይበቃል። ግማሽ ሊትር ከጎደለ ርካሽ የመሰላችሁ ዋጋ ርካሽ አይደለም። የክዳኑን ቀለበት እዩ፤ ተከፍቶ የተሞላ ጀሪካን በዝቷል፣ የተጠበሰበት ዘይት ተጣርቶ የሚገባበትም አለ። "ኮሌስትሮል የሌለው" ለሚል ጽሑፍ አንድ ብር አትጨምሩ። ከእህል የተጨመቀ ዘይት መጀመሪያውኑ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። "ላይት" የተባለውም ካሎሪው ያው ነው።

ኑግ የእኛው ነው። ጎጃምም ወለጋም ይበቅላል፤ ስቡ ከሱፍ ጋር ይቀራረባል፣ እንዲያውም ሊኖሌይክ አሲዱ ይበልጣል። ችግሩ ከዚሁ ይመጣል። እንዲህ ያለ ስብ አየርና ብርሃን ሲያገኝ ቶሎ ይበላሻል፤ ያልተጣራ ሲሆን ደግሞ ይባስ። በየሰፈሩ የሚጨመቀው በፀሐይ ላይ በተደረደረ ግልጽ ጠርሙስ ሲሸጥ ካያችሁ እለፉት። ያረጀ ኑግ ቀለም ቀለም ይሸታል። ፓልም ጣል የሚያደርጉበትም አሉ፤ ፍሪጁ ይህንንም ሊያጋልጥ ይችላል። የምታምኑት ጨማቂ ካላችሁ ግን 1 ሊትር ብቻ ግዙ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፣ ቶሎ ጨርሱ። ሰላጣና ፍትፍት ላይ ጠብ ሲል ጣዕሙን ሱፍ አይደርስበትም።

ቅቤ ላይ ብዙ ወዳጅ እንደማጣ አውቃለሁ። የሚረጋ ስቡ ከፓልምም ይበልጣል፤ ከቅቤው ስብ 60 በመቶውን ያልፋል። የሚያድነን ዋጋው ነው፤ ስለሚወደድ በጥቂቱ እንጠቀማለን። ዋጋውም ቢሆን ከሚነገራችሁ በላይ ነው። ጥሬ ቅቤ ኪሎው 1,000 ብር ነው እንበል። ስታነጥሩት ውሃውና ዝቃጩ ወጥቶ 750 ግራም ቢቀራችሁ፣ ንጥሩን ኪሎውን በ1,333 ብር ገዛችሁት ማለት ነው። ለጋ ቅቤ ውሃው ሲበዛ ኪሳራው ይጨምራል።

ማጭበርበሩ ደግሞ የታወቀ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ይብሳል። ሙዝ ተለውሶበት የሚሸጥ አለ። ጥቂት በማንኪያ እሳት ላይ አቅልጡት፤ ንጹሑ አረፋ አውጥቶ ይጠራል፣ የተለወሰው ወፍራም ዝቃጭ ከታች ይተዋል። የሚረጋ ዘይት የተቀላቀለበት ግን በዓይን አይያዝም፤ ሁለቱም ይረጋሉና ፍሪጅም አያጋልጠውም። ለዚህ መድኃኒቱ የቆየ ደንበኛ ብቻ ነው። እኔ ቁሌቱን በሱፍ እሠራለሁ። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን ንጥር ቅቤ ወጡ ሊወጣ ሲል በሻይ ማንኪያ ጣል አደርጋለሁ። 40 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ቤቱን ግን ያውደዋል።

ፓልም ፈጽሞ አይረባም አልልም። ሳምቡሳና ብስኩት ለሚጠብስ ሰው እሳት ይችላል፣ እንደ ሱፍ ቶሎ አይበላሽም። ጠባሾች የሚመርጡት ለርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ለቤት ግን ስንት ቀን እንጠብሳለን?

ኮኮናት ዘይት ያከሳል የሚባለው ላይ ብዙ አልቆይም። ከ80 በመቶ በላይ የሚረጋ ስብ ነው። አክስቷል የሚሉት ጥናቶች የተሠሩት ከዘይቱ ተለይተው በወጡ መካከለኛ ርዝመት ባላቸው ስቦች ነው፤ ሱፐርማርኬት በምናየው ጠርሙስ አይደለም። ለጠጉር ቀቡት።

ወይራ ጥሩ ዘይት ነው፣ ዋጋው ግን ለሽሮ አይሆንም። በ2025 እ.ኤ.አ. የኦክላሆማና የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የወይራ ዋና ስብ የሆነው ኦሌይክ አሲድ ሲበዛባቸው አይጦች አዳዲስ የስብ ሕዋስ በብዛት እንደሚፈጥሩ አሳይተዋል። ወሬው ሲሰማ "ወይራም ያወፍራል" ተባለ። የተሠራው በአይጥ ላይ ነው። ስፔን ውስጥ ለዓመታት በሰዎች ላይ በተካሄደው ጥናት ወይራ በደንብ የበሉት አልወፈሩም። ስለዚህ አትፍሩት፤ ግን ለእሱ ብላችሁ አትበደሩ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣ?" ሲላችሁም ወይራ ዘይት አትበሉት። አንዱ ጠርሙስ መንገድ ላይ ከተሰበረ ሻንጣው ውስጥ ያለ ነጠላ ሁሉ ያልቅለታል፤ በሳሙና በቀላሉ አይለቅም።