ማርከሩን አጠፋለሁ ብሎ ጠረጴዛዬን አጠፋው

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ የዋንዛ ዕቃ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። እጄ አሁንም አሴቶን አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ይሸታል። ንዴቴም አልበረደም።

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ፊደል እየቆጠረ ነው። ሐሙስ ማታ እኔ ወጥ ስሠራ፣ እሱ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ከ"ሀ" እስከ "ሎ" ደርድሮ ጠበቀኝ። በጥቁር፣ በማይለቀው ማርከር! "ሂ" ተገልብጣለች እንጂ እውነቱን ለመናገር ሌላው ደህና ነበር። ጠረጴዛውን አባቴ ዘጌ ካለው ግቢያቸው ነፋስ የጣለውን ዋንዛ አስጠርበው ነው ያሠሩት። እሳቸው አሁን የሉም። ነገ እሁድ ደግሞ የማኅበር ተረኛ ነኝ። ስለዚህ ቸኮልኩና ማስለቀቂያ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ ሄድኩ።

የሰውየውን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ጠባብ ሱቅ፣ በሩ ላይ የተደረደሩ ሃይላንዶች፣ በየሃይላንዱ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ። ለዝገቱም፣ ለቅባቱም፣ ለሻጋታውም መድኃኒት አለው። ሁሉም ስሙ "ኬሚካል" ነው።

"እርስዎ ዝም ብለው ይዩ" አለኝ። ከደረት ኪሱ ማርከር አወጣ። የሚያብለጨልጭ ጣውላ ላይ ጫር ጫር አደረገ። ከሃይላንዱ ጠብ አድርጎ በጨርቅ አንዴ ጠረገው። ድራሹ ጠፋ። ማጨብጨብ ነው የቀረኝ። ለፈሳሹ 450፣ ቤቴ መጥቶ ለሚያጠፋልኝ የሱቁ ልጅ 300 ብር፣ ወዲያው በቴሌብር ላክሁ። የልጁን ባጃጅም እኔው ከፈልኩ።

አሁን የማይወጣልኝን ልንገራችሁ። ልጁ ጨርቁን አጨቅይቶ "ሆ" ላይ አሳረፈው። ጨርቁ ጠቆረ፣ "ሆ" ደበዘዘች። እሰይ አልኩ። ደገመው። በሁለተኛው ጨርቁ ቡናማ ሆነ። ልብ በሉ፣ ማርከሩ ጥቁር ነው። ቡናማው ከየት መጣ? ጨርቁን እያየሁት ነበር እኮ። ቆሜ እያየሁት! ቡናውን ላፍላልህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት እንጂ አቁም አላልኩትም። ሦስተኛ፣ አራተኛ ጠረገ። ከዚያ የመዳፉ አሻራ ጠረጴዛው ላይ ታትሞ ሲቀር አየሁ። ሽፋኑ እንደ ሙጫ ተጣብቆ እየተነሳ ነበር። ያኔ ነው የጮህኩት። "ሲደርቅ ይስተካከላል፣ እትዬ" ብሎ አንድ ጊዜ ጨመረልኝ።

ሲደርቅ አክንባሎ የሚያህል የገረጣ ቦታ ወጣው። መሐሉ ላይ ፊደሎቹ አሉ። ቅድም ላዩ ላይ ነበሩ፤ አሁን እንጨቱ ውስጥ ገብተዋል። ልጄ መጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበባቸው።

የሚያሳፍረውን ልናገር? እኔ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። የማርከር ቀለም በአልኮል እንደሚሟሟ፣ ቫርኒሹ ደህና ከሆነ ቀለሙ ላዩ ላይ ብቻ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። አሴቶን ግን ብዙውን ቫርኒሽ ከነማርከሩ ቀለም ያሟሟዋል፤ ሽፋኑ ሲነሳ የሟሟው ቀለም ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። ይህን ለተማሪ አስረዳለሁ። ሃይላንዱ ሲከፈት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። አፍንጫዬ ነግሮኛል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ሰውየው ጋ ደወልኩ። ገና "ቫርኒሹ ተነሳ" ከማለቴ፣ "6,500 ብር፤ ሙሉውን ልጠን እንቀባልሻለን" አለኝ። መጠኑን አልጠየቀ፣ ፎቶ ላኪ አላለ። ዋጋው አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ደግሞ ስሙልኝ፣ "እንቀባልሻለን"። ጠዋት "እርስዎ" የነበርኩት ሴትዮ ከሰዓት "አንቺ" ሆንኩ።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። "እንጨትሽ አርጅቷል፣ የኔ እናት፤ ኬሚካሉ ምን አደረገ?" አለኝ። ገንዘቤን መልስ አልኩት።

"ደረሰኝ አለሽ?"

ደረሰኝ እንዳልሰጠኝ ያውቃል። ከጎኑ ያሉት ሁለት ልጆች ሳቁ። አንዱ ቤቴ የመጣው ነው፣ 300 ብር የበላው።

እዚያው ቆሜ ስንተከተክ ሌላ ደንበኛ መጣ። ሰውየው ያንኑ ጣውላ አነሳ፣ ያንኑ ማርከር አወጣ። አሁን በደንብ አየሁት። ጣውላው ፎርማይካ ነው። ማርከሩ ደግሞ የነጭ ሰሌዳ ማርከር ነው፣ በዳስተር የሚጠፋው! የዚያ ዓይነት ማርከር እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት አለኝ። ለደንበኛው "ወንድሜ፣ ተወው" አልኩት። ገላምጦኝ ከፈለ።

እና የምላችሁ፣ ማሳያውን በራሳችሁ ማርከር፣ በራሳችሁ እንጨት ላይ ያሳያችሁ። ቤት ውስጥ ግን መጀመሪያ ነጭ የጥርስ ሳሙና በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ወይም በነጭ ሰሌዳ ማርከር ላዩ ላይ ጽፋችሁ ሳይደርቅ ጥረጉት። አልኮልም በጥጥ ጠብ አድርጎ ይሆናል፤ ግን የድሮ ዕቃ ቫርኒሽ አንዳንዱ በአልኮልም ይነሳልና ከጠረጴዛው ሥር፣ በማይታይ በኩል ቅድሚያ እዩት። ጨርቁ ቡናማ ካወጣ ያኔውኑ አቁሙ።

ነገ ማኅበርተኞቼ ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዳንቴል ደራርቤ እጠብቃለሁ። ሞሰቡም መሐሉ ላይ ይቀመጣል። ማንም እንዳያነሳው።