የአኜሆ ቅምሻ በጉዋዳላሃራ፦ ርካሹ ብርጭቆ ይበልጣል

በሜክሲኮዋ ጉዋዳላሃራ መሀል ከተማ ያለው ይህ ምግብ ቤት ሰው የሚሰለፍለት ለፍየል ቢሪያው፣ በበርበሬ ለተቀቀለው መረቅ ያለው ሥጋ ነው። ከአጋቬ ተክል ለሚወጣው አረቄ ለቴኪላ ወዳጅ ግን የሚያስኬደው የሦስት ብርጭቆ ቅምሻው ነው፤ ብላንኮ (በርሜል ውስጥ ያልከረመ)፣ አኜሆ (የከረመ) እና ኤክስትራ አኜሆ (ይበልጥ የከረመ)፣ እያንዳንዳቸው 30 ሚሊ ሊትር። ጨውና ሎሚ ሳይታዘዙ አብረው ይመጣሉ። ወደ ጎን ግፏቸው፤ በርሜል ውስጥ ዓመት የከረመ መጠጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ ነጭ ማር ላይ ስኳር መነስነስ ነው።

ብርጭቆው የሚመሰገን ነው፤ እግር ያለው፣ ጠባብና ረዘም ያለ። በእኛ መለኪያ ቢቀዳ ኖሮ መዓዛው መሰብሰቢያ አጥቶ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታ ነበር። ሳይቀዘቅዝ መቅረቡም ልክ ነው፤ በረዶ የእንጨቱን ጠረን ያደነዝዘዋል። ችግሩ አስተናጋጁ ቀድቶ ሳይጨርስ "ቅመሱ" ማለቱ ነው። አኜሆ ከተቀዳ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል መተው አለበት፤ ያኔ የሚያቃጥለው በኖ የተጋገረው አጋቬ ብቅ ይላል።

ብላንኮውና አኜሆው ታፓቲዮ የተባለው ስያሜ ናቸው፤ አራንዳስ ከተማ ካለው ከላ አልቴኛ ፋብሪካ፣ ጠርሙሱ ላይ ኖም (NOM) 1139 የሚል ቁጥር አላቸው። ባለ አራት አሃዙ ቁጥር የፋብሪካው መለያ ስለሆነ ከስያሜው በፊት እሱን ማየት ይጠቅማል። "100 በመቶ አጋቬ" የሚለውም መኖር አለበት፤ ከሌለ እስከ 49 በመቶው ስኳር ከሌላ ነገር የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከብላንኮው ጀምሩ። አጋቬ የቃጫ ዘመድ ነው፤ ግንዱ በምድጃ ሲበስል ከረመጥ የወጣ ስኳር ድንች ይሸታል። እንደ ዳግም አረቄ ሁለቴ ተጣርቶም ያ ሽታ አይለቀውም። አኜሆው የሚመዘነው እንግዲህ በዚህ ነው፦ ስኳር ድንቹ አለ ወይስ እንጨቱ ውጦታል?

ብርጭቆውን አዘንብላችሁ፣ አፋችሁን ገርበብ አድርጋችሁ፣ ከታችኛው ጠርዝ ወደ ላይኛው አሽትቱ። የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስ ማጠቢያ ነው፤ አትፍረዱበት። በሁለተኛው አኜሆው መጀመሪያ ስኳር ድንች፣ ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬ፣ መጨረሻ ላይ ቀረፋና የተለበለበ እንጨት ሰጠ፤ ከተዋጠ በኋላም አፍን ደረቅ አድርጎ ተወው። ጥሩ አኜሆ እንዲህ ነው።

ኤክስትራ አኜሆው የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ዋጋውም ከአኜሆው ከእጥፍ በላይ። ቀለሙ እንደ ጠቆረ ማር ያባብላል፤ ግን ቀለም አይታመንም። ሕጉ አኜሆን ቢያንስ 1 ዓመት፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተጨመረውን ኤክስትራ አኜሆ ቢያንስ 3 ዓመት ከ600 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል ያስቀምጣል። ያው ሕግ ካራሜል፣ የኦክ ጭማቂ፣ ግሊሰሪንና ሽሮፕ በጥቂቱ መጨመርንም ይፈቅዳል። የኤክስትራው ጣዕም አፍንጫ ላይ ቫኒላ፣ ምላስ ላይ ከረሜላ፣ ከዚያ ምንም። ኮኛክ ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም። ጉዋዳላሃራ ያለችበት የሃሊስኮ ግዛት ሞቃት ናት፤ መጠጡ ከበርሜሉ ቶሎ ይተናል፣ እንጨቱም ቶሎ ይጫናል፤ ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ጥራት አይደለም።

መዳፍ ላይ ሁለት ጠብታ አፍስሳችሁ እሹት። አኜሆው ደርቆ የአጋቬ ሽታ ትቷል፤ ኤክስትራው እጅ ላይ ተጣበቀ። ይህ ሽሮፕ ተጨምሯል የሚል ጥርጣሬ ያጭራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ባዶው ብርጭቆ ይሻላል፦ ከሩብ ሰዓት በኋላ አሽትቱት። የአኜሆው የተቃጠለ እንጨትና ስኳር ድንች ነበር፤ የኤክስትራው የልደት ኬክ። ደግሞ ከሩብ በታች ከቀረ ጠርሙስ ነው የተቀዳው፤ ለብዙ ጊዜ አየር የገባበት ውድ ቴኪላ ለዝቷል፣ አዲስ እንዲከፈት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቢሪያው የሚታዘዘው ከቅምሻው በኋላ ነው፤ በርበሬው ምላስ ያደነዝዛል። ሥጋው ከአጥንት በማንኪያ ይለቃል፣ መረቁ ወፍራም ነው፣ ጨው ግን በዝቶበታል። ሌላው የከተማዋ ምግብ ካርኔ ኤን ሱ ሁጎ የበሬ ሥጋ ይባል እንጂ የአሳማ ቤከን ይገባበታል፤ አሳማ የማትበሉ ሳታዙ ጠይቁ። ሙሉውን ቅምሻ መውሰድ አያስፈልግም። ብላንኮውንና አኜሆውን ለየብቻ ማዘዝ ይቻላል፣ በተረፈው ገንዘብም ሁለተኛ አኜሆ ይገኛል።