ዲኤንኤ ወይስ ስትሮንቲየም? የአጥንት ምርመራ ከማዘዛችሁ በፊት

የቅድመ ታሪክ መቃብር ቆፍራችሁ ዝምድና ልታጠኑ ነው እንበል። በጀቱ የሚበቃው ግን ለአንድ ምርመራ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሳያመነታ ዲኤንኤ ይላል። ስሙ ገንኗላ! እኔ ግን መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ልስማ።

ጥያቄው «ማን የማን ልጅ ነው?» ከሆነ ክርክር የለም፤ ዲኤንኤ ነው። ፈረንሳይ፣ ጉርዢ ላይ ከ6,500 ዓመት በፊት ገደማ ሰው የተቀበረበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጥናት የ94 ሰዎችን ዲኤንኤ አንብቦ 64ቱን በአንድ የዘር ሐረግ አገናኛቸው። ሰባት ትውልድ! እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር ሽማግሌ እንጠይቃለን፤ እነሱ አጥንት ጠየቁ።

«ይቺ ሴት ያደገችው የት ነው?» ካላችሁ ግን ዲኤንኤ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ነው ስትሮንቲየም የሚመጣው፤ አለት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ከአለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ልጅ ጥርስ ይገባል። የአይሶቶፖቹ (ክብደታቸው የሚለያይ የስትሮንቲየም ዓይነቶች) ምጥጥን እንደ አለቱ ዓይነት ይለያያል። የጥርስ ኢናሜል (ጠንካራው የላይኛው ሽፋን) ደግሞ አንዴ ከተሠራ አይታደስም። ሰውየው አርጅቶ ቢሞት እንኳ ጥርሱ የልጅነት አገሩን እንደያዘ ይቀበራል። ችግሩ፣ አለታቸው የሚመሳሰል ሁለት አገሮችን አይለይም። ለማነጻጸሪያም የአካባቢውን ዕፅዋትና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ማስመርመር ያስፈልጋል። ይህን ወጪ በጀት ሲያዝ የሚያስታውሰው የለም።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ጀርመን፣ ኦይላው ላይ ታይቷል። በ4 መቃብር 13 ሰዎች፣ ከ4,600 ዓመት በፊት። በአንዱ ጉድጓድ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች አብረው ተቀብረዋል። ዲኤንኤው አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው አለ። ስትሮንቲየሙ ደግሞ ወንዶቹና ልጆቹ የዚያው አካባቢ፣ ሴቶቹ ግን ሌላ ቦታ ያደጉ መሆናቸውን አሳየ። ከሩቅ የመጡ ሙሽሮች ነበሩ ማለት ነው።

አሁን ስለ ሙቀት። ዲኤንኤ ሙቀት አይወድም። ጋሞ ውስጥ ሞጣ ዋሻ የተገኘው፣ ባይራ የተባለው ጥንታዊ ሰው ዲኤንኤ 4,500 ዓመት የቆየው ዋሻው ደጋ ላይ፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ደግሞም ባይራ ብቻውን ነው፤ ዝምድና ለመቁጠር ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስትሮንቲየም ግን ከአንድ ጥርስም ወሬ አያጣም። ስለዚህ ቆላ ላይ ጥቂት አፅም ላገኘ ሰው፣ ብሩ የኔ ቢሆን ስትሮንቲየም ላይ አውለዋለሁ። ቀዝቃዛ አገር ብዙ አፅም ካለ ወደ ዲኤንኤ።

አንድ ጥርስ ለሁለቱም ይበቃል፤ ሥሩ ለዲኤንኤ፣ አናቱ ላይ ያለው ኢናሜል ለስትሮንቲየም። ዲኤንኤ ካሰባችሁ ጥርሱን አትጠቡት፣ ያለ ጓንት አትንኩት። ሁለቱም ምርመራ ናሙናውን ስለሚያበላሽ ቀድማችሁ ፎቶ አንሱት። ከቤተ ሙከራው ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ደግሞ አንዲት ነገር ጠይቁ፦ ዲኤንኤ ካልወጣ ስንቱን እንከፍላለን?