ከደብረ ብርሃኑ የመኖ ጥሬ ዕቃ መደብር ጋር የሁለት ዓመት ደንበኝነት

ለወተት ላሞቼና ለጥቂት የሚደልቡ የመንዝ በጎች መኖ ራሴ ማቀናበር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አብዛኛውን ጥሬ ዕቃ የምገዛው በደብረ ብርሃን ከተማ ከሚገኝ አንድ መደብር ሲሆን፣ የማቀርበው ቅሬታ ስላለ ስሙን ከመጥቀስ እቆጠባለሁ።

በቅድሚያ የሚመሰገንበትን ላንሳ። የስንዴ ፉርሽካውና ፉርሽኬሎው (ከፉርሽካ የደቀቀው የዱቄት ፋብሪካ ተረፈ ምርት) ደረቅ፣ ሽታውም የትኩስ ዱቄት ነው፤ ሁለቱን ሳይደባልቁ ለየብቻ ይሸጣሉ። እያንዳንዱን ጆንያ ሚዛን ላይ አውጥተው በኪሎ ያስከፍላሉ እንጂ «ኩንታል ነው» ብለው በግምት አያስረክቡም። ፉርሽካ ጆንያውን ጢም አድርጎ ሞልቶም መቶ ኪሎ የማይደርስ ቀላል ነገር በመሆኑ፣ በጆንያ ቁጥር የሚገዛ ሰው ሳያውቀው ነፋስ ይገዛል።

ፋጉሎው፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የቅባት እህል ተረፈ ምርት፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኑግ ፋጉሎ ከፉርሽካ እጥፍ ገደማ ፕሮቲን ስላለው ለወተት ላም የሚተካው ነገር በቀላሉ አይገኝም። ኑግ የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲህ ስለሆነ በበጋ ትኩስ ፋጉሎ አይጠፋም፤ ክረምት ሲገባ ግን የሚሸጠው የከረመ ነው። ባለፈው ነሐሴ ስድስት ጆንያ ገዝቼ ቤት ካደረስኩ በኋላ ሁለቱን ስከፍት፣ ከላይ ያለው ደረቅና ደህና ነበር፤ እጄን ወደ መሃል ስሰድ ግን ሙቀት ተሰማኝ፣ ያወጣሁት ቁራጭም ሲሰበር ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ተገኘ። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ከእንዲህ ካለው ሻጋታ ሊመነጭ የሚችል፣ ላሟ ከበላችውም በወተቷ በኩል ወደ ሰው የሚያልፍ ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት እርባታዎች ላይ የተደረገ ጥናትም የችግሩ ዋና ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል። መደብሩ ያልተከፈቱትን አራቱን መልሶ ሲቀበል፣ የተከፈቱትን ሁለቱን ግን አልወስድም አለኝ። ሳይከፈት ጉዳቱ በምን ይታወቅ ነበር ብዬ ብጠይቅም መልስ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመቁጠሬ በፊት ጆንያ አስከፍታለሁ። ከመሃሉ አንድ ጭብጥ አድቅቄ በብርጭቆ ውሃ ላይ እበትናለሁ፤ አፈር ወይም አሸዋ ካለበት ወዲያው ከታች ይዘቅጣል፣ ገለባ ከተቀላቀለበትም ከላይ ይንሳፈፋል። ባለሱቁ መጀመሪያ ላይ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር፤ አሁን ብርጭቆውን ራሱ ያቀርብልኛል። ይህን ደግሞ ለምስጋናው እቆጥርለታለሁ።

ጨውና ኖራ ሁልጊዜ አላቸው፤ ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፈው ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ግን አንድ ጊዜ ተገኝቶ ወር ሙሉ ይጠፋል። ከተማዋ የቢራ ፋብሪካ ያላት ብትሆንም የቢራ አተላ አይሸጡም፤ በዚህ አልወቅሳቸውም፣ አብዛኛው ውሃ የሆነና በጥቂት ቀናት የሚኮመጥጥ ነገር ሱቅ ውስጥ የሚያኖሩት አይደለምና።

ፉርሽካዬን ዓመቱን ሙሉ ከእነርሱ መግዛቴን እቀጥላለሁ። ፋጉሎ ግን በታኅሣሥና በጥር የክረምቴን ጭምር ገዝቼ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አርቄ አከማቻለሁ።