ኢንዶሳይቢን፦ የሳንዶዝ ክኒን በሚዛን ሲታይ

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያዎቹ ሰው ሠራሽ ትሪፕታሚኖች (አእምሮ ላይ የሚሠሩ የአንድ ኬሚካላዊ ቤተሰብ ውህዶች) መካከል ሐኪም እጅ የደረሰና በሥርዓት የተሠራ ምርት ከተባለ ኢንዶሳይቢንን የሚቀድመው የለም። የስዊዘርላንዱ የባዝል መድኃኒት አምራች ሳንዶዝ ለተመራማሪዎችና ለአእምሮ ሐኪሞች ያከፋፍለው የነበረ የሳይሎሲቢን (አንዳንድ እንጉዳዮች ውስጥ የሚገኝ፣ ስሜትንና እይታን የሚለውጥ ንጥረ ነገር) ክኒን ነው። ብልጫው ጉልበቱ ሳይሆን ልኩ ነው።

ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ይበቃል። ካናዳዊው ኬሚስት ሪቻርድ ማንስክ ዲኤምቲን (ሌላውን ትሪፕታሚን) በ1931 ሠርተውት ነበር፤ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን እስከ 1956 አልታወቀም። የቡዳፔስቱ ተመራማሪ ስቴፈን ሳራ በአፍ ቢወስዱት ምንም አላደረገም፤ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም አንጀትና ጉበት ላይ ሰባብሮ ያስቀረዋል። ጡንቻ ላይ በመርፌ ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ታካሚን አስቀምጦ ለማነጋገር የማይመች ነው። በ1961 የወጣው የአሜሪካው መድኃኒት አምራች አፕጆን ሞኔዝም (ኢትሪፕታሚን፣ ለድብርት የተሸጠ) ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚያመናምን በዓመቱ ከገበያ ተነሳ።

ሳይሎሲቢን ግን በአፍ ይሠራል። የሳንዶዙ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ከሜክሲኮ እንጉዳይ በ1958 ለዩት፤ ብዙም ሳይቆይ በላብራቶሪ ሠሩት። ያስቸገረው መፈተሻው ነበር፦ ውሻ ላይ የተሞከረው ምንም ግልጽ ነገር ስላላሳየ፣ ከእንጉዳዩ የተለየው የትኛው ክፍልፋይ እንደሚሠራ ለማወቅ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ቀመሱት። ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም።

የክኒኑ ጥራት ምስጢር ሞለኪዩሉ ላይ የተንጠለጠለችው ፎስፌት (የፎስፈረስና የኦክስጅን ቁራጭ) ናት። ሳይሎሲን፣ ማለትም ፎስፌት የሌለው ሳይሎሲቢን፣ ብቻውን አየር ሲነካው ይበላሻል፣ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ የተቀጠቀጠ እንጉዳይ ሰማያዊ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ፎስፌቷ እያለች ዱቄቱ ይቆያል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይነቅላትና ሳይሎሲኑ ነፃ ይወጣል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ 10 ሚሊግራም ሳይሎሲቢን 7 ሚሊግራም ያህል ሳይሎሲን ይሰጣል። ደረቅ እንጉዳይ የሚመዝን ሰው ይህን ማረጋገጫ አያገኝም፤ ይዘቱ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ይለያያል።

ጉድለቱ አነሳሱ ላይ፣ ማለትም መሥራት ለመጀመር በሚፈጅበት ጊዜ ላይ ነው። ሆፍማን በ1962 ሜክሲኮ ውስጥ እስከምትገኘው ሁአውትላ ድረስ ክኒኑን ይዘው ሄደው፣ በእንጉዳይ ለምትፈውሰው የማዛቴክ ብሔር ተወላጅ ማሪያ ሳቢና ሰጧቸው። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ምንም የለም። እንጉዳይ ሲታኘክ ገና ከአፍ ውስጥ መግባት ይጀምራል፤ ክኒን ግን ሆድ ውስጥ መሟሟት አለበት። ተጨማሪ ታደለ፣ ከዚያ ክኒኑ በሁሉም ላይ መሥራት ጀመረ። ሲነጋ ፈዋሿ ክኒኑ ከእንጉዳዩ እንደማይለይ ተናገሩ፤ ከዚህ የሚበልጥ የጥራት ምስክር ማንም አያገኝም። የመደረቡ ልማድ ግን አደገኛ ነው፦ የመጀመሪያው ሳይነሳ ሁለተኛው ከተጨመረ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ መልሶ ማውጣትም አይቻልም።

ሌላው ቅሬታ ርዝመቱ ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሐኪሙን ያስራል። ሆፍማንና ባልደረባቸው ትሮክስለር የሠሩት ሲዜድ-74፣ ማለትም ከሳይሎሲን በጥቂቱ ብቻ የሚለይ ኬሚካላዊ ወንድሙ፣ አጠር ይላል፤ የጀርመኑ የጎቲንገን ሐኪም ሃንስካርል ሎይነርም በሕክምና ሞክረውታል። እንደ እኛ ሚዛን ለክሊኒክ የሚሻለው እሱ ነበር፤ ለገበያ ግን አልበቃም።